በቀይ እርሳስ የተከበበች አውድማ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰሚት ሰፈር ያለው ቤታችን መጥቶ በስልኩ የድሮ የጦር አውሮፕላኖች ፎቶ አሳየኝ። «እማዬ፣ እንዴት እንደሚያምሩ እዪማ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያምራሉ። እኔ ግን በወጣትነቴ የማየው ከእነሱ ላይ ሆኖ የተነሳውን የምድር ፎቶ ነበር።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ቦሌ አካባቢ የጦሩ ፎቶ በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ተቀጠርኩ። ጦርነት ነበር። ከሰሜን የሚመጣውን የአየር ፎቶ አጥቤ፣ አድርቄ ፎቶውን ለሚመረምረው መቶ አለቃ አቀርባለሁ። ተጫዋች የከተማ ልጅ ነው። የጠላት ሰፈር የመሰለውን በቀይ እርሳስ ያከብበዋል። ያ ቦታ ይደበደባል።

አንድ የኅዳር ቀን ክብ ሜዳና በዳሩ የቆሙ ሹል ነገሮችን አከበበ። «ድንኳን ነው» አለ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አውድማና የገብስ ክምር መሆኑ ገብቶኛል። ግን ፈራሁና ዝም አልኩ። በሳምንቱ የዚያው ቦታ ፎቶ መጣ። ምስሉ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ክምሩ የለም፤ ጥቁር ጠባሳ ነው። በሬዎቹ ተጋድመዋል። አጠገባቸው ትንንሽ ነጫጭ ነገሮች ነበሩ። ጋቢ መሆኑን ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ታኅሣሥ ላይ ሌላ ክብ ሜዳ አከበበ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ይሄ አውድማ ነው» አልኩ።

«አንቺ ደሞ መቼ አብራሪ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀ።

«አብራሪ አይደለሁም፤ እህል ግን ወቅቻለሁ። ይኸው በሬዎቹ ጎን ለጎን ሲዞሩ። ከኋላ ያለው የሚነዳቸው ነው።»

ማጉያ መነጽሩን አንስቶ ብዙ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኅዳሩስ?» አለ።

«እሱም አውድማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ላጲሱን አቀበልኩት። ቀዩን ክብ አጠፋው። ከዚያ ወዲህ እርሳሱን ከማንሳቱ በፊት «ገበሬዋ፣ ነይ እስቲ» ይለኝ ነበር።

ክቡ በጠፋበት ቀን ከሥራ ስወጣ በቡልቡላ በኩል በእግሬ ሄድኩ። ያኔ ሁሉም እርሻ ነው። ሰዎች ጤፍ ያበራያሉ፤ ጭዱ በፀሐይ ይሸታል። ቆሜ አየኋቸው። ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያይ አልነበረም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ልጆቼ በዙሪያዬ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ስለ ኅዳሮቹ ሰዎች ይቅርታ እለምናለሁ፤ ስለ ታኅሣሦቹ አመሰግናለሁ። የማንኛቸውንም ስም አላውቅም። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ የሰሜን ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ፣ «በዚያ ታኅሣሥ እህላችሁን በሰላም ወቃችሁ?» ብዬ ልጠይቀው ያምረኛል።