የአያቴ ዳክዬዎች ውሃ

መካነ ሰላም እኛ ሰፈር ዳክዬም ሆነ እንቁላሉ አይበላም። ሟቹ አያቴ ግን "ለዓይን ነው" እያሉ ጓሮ ያረቡ ነበር። የእኔ ዓይን የሚያየው አረንጓዴ ኩሳቸውንና የሚያቦኩትን ጭቃ ብቻ ነው። ያስጠሉኛል።

አያቴን ሳይነስ ማሽተት ስለከለከላቸው የገንዳውን ውሃ የሚፈትሹት በእኔ አፍንጫ ነበር። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ነክረው ፊቴ ላይ ይደቅኑታል።

"እስቲ አሽትቺልኝ።"

"ይሸታል አባባ" እላለሁ። ውሃ በፈረቃ በምናገኝበት ከተማ፣ ሳይሰስቱ ደፍተው ንጹሕ ይቀዳሉ። ዳክዬዎቹም ወዲያው ያቆሽሹታል።

ከቀብራቸው ስንመለስ ለቀስተኛው ሽታውን ሸሽቶ ድንኳኑ ጥግ ታጨቀ። አክስቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ "እነዚህን ወንዝ ወስዳችሁ ጣሉልኝ፤ ሰው ፊት ተዋረድን" አለች። የአባቷ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ እንዲህ ማለቷ ከኩሱ በላይ አስጠላኝ።

በማግስቱ ጠዋት ገንዳው አተላ መስሎ ነበር። እጄን ነክሬ አሸተትኩት።

"ይሸታል አባባ" አልኩ።

እንደ ልማዴ፣ ሲደፋ እንዳይረጨኝ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። ውሃውን የሚደፋው ሰው ግን አልመጣም።