የሜይሊን ሁለተኛው ፈተና

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት ቻይናዊ ተማሪ ሙሉ ሰዓት በሌላ ሰው ስም ስጠራው ዝም ብሎ «አቤት» እያለ ተቀመጠ። ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ማስጠኛ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን እሠራለሁ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፤ ለካ ከዝርዝሩ ላይ የሚቀጥለውን ተማሪ ስም አንብቤ ኖሯል። ልጁ ለማስተርስ ዲግሪ የሚማር ነው። ስልኩ ላይ የጫናቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ በአንድ እያሳየ ትርጉማቸውን በቃሉ ሲወጣልኝ ቆየ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ሲፈርም ነው ስሙ ሌላ መሆኑን ያየሁት።

«ምነው ዝም አልከኝ?» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። «እርስዎን ማረም ከበደኝ» አለኝ።

ልጁ ከወጣ በኋላ የሚቀጥለውን ተማሪ አስጠብቄ ጥቂት ደቂቃ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ እንዲህ አንገቷን በመድፋቷ የአንዲት ልጅ ትምህርት ሊቋረጥ ነበር፤ አንገትሽን ድፊ ብዬ የመከርኳት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው በእግር ሃያ ደቂቃ በሚያስኬድ ሰፈር፣ ከሜይሊን ጋር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። እኔ የሃያ ሰባት፣ እሷ የሃያ ሦስት ዓመት ልጆች ነን። እኔ የማስተማር ሙያ እማራለሁ፣ እሷ ሲቪል ምህንድስና። ወሩ ጥር ነበር። በዚህ አገር ዝናቡ ከብርዱ ጋር ነው የሚመጣው፤ በበጋ ገለባ መስለው የከረሙት የምሥራቅ ኮረብቶች ያን ሰሞን አረንጓዴ ለብሰው፣ መንገዱ ሁሉ ረጥቦ፣ የቤታችን መስኮት ቀኑን ሙሉ ጉም እንደሸፈነው ነበር።

ሜይሊን በቀን ሃምሳ ቃል ትሸመድዳለች። በአንድ በኩል እንግሊዝኛው፣ በጀርባው ቻይንኛው የተጻፈባቸው ትንንሽ ካርዶች ነበሯት። ጠዋት ጠዋት ዝንጅብል የገባበት የሩዝ አጥሚቷን እያማሰለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ካርዶቹን በተራ እያነሳሁ እጠይቃታለሁ። እንፋሎቱ ካርዶቹን ያረጥባቸዋል፣ ቀለማቸው ይለቃል፣ ቅዳሜ ቀን ቁጭ ብላ እንደ አዲስ ትጽፋቸዋለች። እውነቱን ለመናገር ከቃላቱ ግማሾቹን እኔም የተማርኳቸው እዚያው ምድጃው አጠገብ ነው፤ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማርኩ በመሆኔ በእሷ ዓይን ሊቅ ነበርኩ፣ ሊቅ መባልን ደግሞ ማን ይጠላል?

ስትጠራኝ «ጂየጂየ» ትለኛለች። በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው፣ የእኛው «እትዬ» መሆኑ ነው። አገሮቻችን ቢራራቁም አስተዳደጋችን አንድ ሆኖ አገኘነው። ሁለታችንም ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብለን፣ አስተማሪ ሲገባ ብድግ ብለን፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንዳለ በቃላችን ይዘን ያደግን ነን። እራት ላይ ምስር ወጤን በእሷ ሩዝ እየበላን፣ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ከፕሮፌሰር ጋር የሚከራከሩትን አሜሪካውያን ተማሪዎች እያነሳን እንስቅ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው የሜይሊንን የትምህርት ወጪ የሚሸፍንላት ረዳት አስተማሪ ሆና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ስታስተምር ብቻ ነበር። ለዚያ ደግሞ የንግግር ፈተና ማለፍ አለባት። በሦስት ፈታኞች ፊት ቆማ ከሙያዋ አንድ ነገር ለዐሥር ደቂቃ ታስተምራለች፤ ፈታኞቹ እንደ ተማሪ ሆነው ይጠይቋታል። ፈተናው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለቴ የወደቀ ሻንጣውን አሰናድቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። እናቷ ልጇ አሜሪካ ልታስተምር መሆኗን ለመንደሩ ሁሉ አውርታለች። ሜይሊን ስለዚህ ስታነሳ ትስቃለች፣ ሳቋ ግን ቶሎ ነበር የሚያልቀው።

ከመጀመሪያው ፈተና በፊት በነበረው ቀን እንዴት መሆን እንዳለባት ጠየቀችኝ። እኔም አፌን ሞልቼ መከርኳት።

«ፈታኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዓይን ዓይናቸውን አትይ። አቋርጠሽ አትናገሪ። የሚሉሽን ሁሉ በፈገግታ ተቀበዪና አመስግኚ። ጨዋነትሽን ካዩ ይወዱሻል።»

«እናቴም የምትለኝ ይህንኑ ነው» አለችና ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ደብዳቤው መጣ። አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ ከተማሪዎች ጋር ለመነጋገር የሚያበቃ ደረጃ ላይ አልደረሰችም ይላል። የቀጣዩ ፈተና ቀን ከሥሩ ተጽፏል፣ ሃያ አንድ ቀን ቀርቶታል። ማታ ገበታ ላይ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅኳት።

«አንድም ቃል አልጠፋብኝም» አለች። «ያስተማርኩት ኮንክሪት ለምን ውሃ እንደሚጠጣ ነው። ከፈታኞቹ አንዱ ሽማግሌ ነው። ‹እንግዲያው ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ብንተወው ይሻላላ?› አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«‹አዎ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አመሰግናለሁ› አልኩት።»

ስለ ኮንክሪት እኔም ከእሷ ነው የሰማሁት። የሚጠነክረው ስለሚደርቅ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ነው። ለዚህ ነው ግንበኞች በየጠዋቱ ውሃ ሲያጠጡት የምናየው። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ይህንን ለማስረዳት ነበር ሜይሊን እዚያ የቆመችው። ሽማግሌው ሆን ብሎ ተሳስቶላታል፣ ተማሪ ሲሳሳት ታርመው እንደሆነ ሊያይ። እሷ ግን እኔ እንዳልኳት አንገቷን ደፍታ፣ ፈገግ ብላ፣ አመስግናው ወጣች።

 ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። «እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን አልወጣም።

«ቃላት ይጎድሉኛል ማለት ነው» አለች ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሳ። «ከነገ ጀምሮ በቀን መቶ አደርገዋለሁ።»

እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። ሊቅ የነበርኩባት አንዲት ቤት ያቺ ብቻ ነበረች፤ ያቺን ቦታ ላለማጣት ዝም አልኩ። ጠዋት ተነስቼ መቶውን ካርድ ያዝኩላት። እሷ አጥሚቱን እያማሰለች ትመልሳለች፣ እኔ ቀጣዩን አነሳለሁ፣ ከምንሠራው አንዱም እንደማይጠቅማት እያወቅኩ። ሳህኗን አጠብኩላት፣ ብርቱካን ገዛሁላት፣ በሯ ላይ ስደርስ ኮቴዬን ቀነስኩ። አጥሚቷን ሳትጨርስ መነሳት ጀመረች። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ሐሙስ ዕለት አንድ ቀላል ቃል ጠፍቶባት ካርዱን እንደያዘች ስታለቅስ አየኋት፣ አየሁና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

እሑድ ምሳ ጋሽ ታደሰ ቤት፣ ሳን ሊያንድሮ፣ መሄድ ልማዴ ነበር። ጋሽ ታደሰ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ በአንድ ኮሌጅ ሒሳብ የሚያስተምሩ፣ ሰው ፊት ላይ ያለውን ሳይነገራቸው የሚያነቡ ሰው ነበሩ። ያን እሑድም እስከ ፍሪሞንት በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር ሄድኩ። ምግቡን ሳልነካው ስቀመጥ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ዛሬ ልክ አይደለሽም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«እኔም ስመጣ እንደዚያው ነበርኩ» አሉኝ። «አድቫይዘሬ የነበረው ፕሮፌሰር ሲሳሳት አንገቴን ደፍቼ እሺ እላለሁ። ሰውየው ያልገባኝ መስሎት ክላሱን ድሮፕ አድርግ፣ ተወው አላለኝም? እሷን የመከርሽው ጥፋት አይደለም፣ ያደግንበት ነው። ዝም ያልሽው ነው ጥፋቱ። ስንት ቀን ቀራት?»

«ዐሥራ አምስት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ተነሺ፣ እኔ በመኪናዬ ድሮፕ አደርግሻለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ ዝናብ አይልፉ፣ በባቡሩ እመለሳለሁ።»

«ባቡር ስትጠብቂ ሐሳብሽን ትቀይሪያለሽ» አሉና የመኪና ቁልፋቸውን አነሱ።

ፍሪዌዩ ላይ ዝናቡ መስታወቱን ይደበድበዋል። ጋሽ ታደሰ በራችን ላይ አውርደውኝ እስክገባ ድረስ ሞተሩን ሳያጠፉ ጠበቁ።

ሜይሊን ወጥ ቤት ካርዶቿን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ተቀምጣ ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆሜ ነገርኳት።

«የወደቅሽው በቃላት አይደለም። የጣለሽ የእኔ ምክር ነው። ሽማግሌው እንድታርሚው ይፈልግ ነበር። ዛሬ ነው የገባኝ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነበረች። ስድስቱን ቀን ዋጥኳቸው።

ሜይሊን ካርዶቹን ቀስ ብላ ሰበሰበች፣ ጠርዛቸውን አስተካከለች፣ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። አብረን በኖርንበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

«አዎ፣ ተሳስተሻል» አለች። «በጣም ተሳስተሻል! አንቺን ስሰማ ወደ አገሬ መመለሴ ነው!» ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው ካርዶቹ ተበተኑ።

ደነገጥኩ። ደግሞም ተናደድኩ፣ አልዋሽም፤ ታናሼ የሆነ ሰው እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። ንዴቱ ሳይወጣልኝ ግን የሰማሁት ነገር ገባኝ።

«እንደዚህ ነው!» አልኳት። «ለሽማግሌውም እንደዚህ በዪው!»

ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ሥራ ጀመርን።

ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ስለ ኮንክሪት ስሳሳት ዋልኩ። እሷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ታስተምረኛለች፣ እኔ የሌለ ነገር እየፈጠርኩ አቋርጣታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «አይደለም» ለማለት ሦስት ጊዜ ይቅርታ ትጠይቃለች። አንገቷ በራሱ ጊዜ ይጎነበሳል፤ አገጬን ነክቼ ቀና በይ የሚል ምልክት እሰጣታለሁ። ካርዶቿንም ቀየረች። ነጠላ ቃል መጻፏን ትታ ሰው ለማረም የሚያገለግሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ ጀመረች፤ «ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፣ ነገር ግን…»፣ «እስቲ እንደገና እንየው…»። ሠላሳ የማይሞሉ ካርዶች ነበሩ። ከሺዎቹ ቃላት ይልቅ እነዚያ ከበዷት። በዋዜማው ጠዋት እንኳ አንዴ ጠንከር ብዬ ስናገራት «አዎ፣ ልክ ነሽ» ብላኝ ሁለታችንም ክው ብለን ቀረን።

የፈተናው ቀን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፣ እዚያ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ባለችው ጠባብ መስታወት የሜይሊን ማጅራት ይታየኛል። ድምጿ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። ከዚያ የሽማግሌው ወፍራም ድምፅ መጣ፣ ረዘም ያለ ጥያቄ ጠየቀ። ከዚያ ጸጥታ። ማጅራቷ ዝቅ ሲል አየሁ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ጨምቄ «ቀና በይ፣ ቀና በይ» እላለሁ በሹክሹክታ፣ በአማርኛ። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ዞሮ አየኝ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ማጅራቷ ነው፣ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከዚያ «ኖ» ስትል ጥርት ብሎ ተሰማኝ፣ ተከትሎም ጠመኔው ሰሌዳው ላይ መሮጥ ጀመረ።

ሜይሊን አለፈች። ሁለት ዓመት አስተማረች፣ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች። ዛሬ ፓሎ አልቶ ትኖራለች፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ እንደዋወላለን፣ የምናወራውም ስለ ጉልበታችንና ስለ ልጆቻችን ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ግን አላስችል አለኝና ደወልኩላት።

«ሜይሊን፣ ያኔ ‹ዛሬ ገባኝ› ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ እያወቅኩ ዝም ብዬሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከየት አወቅሽ?»

«ስለ ሽማግሌው የነገርኩሽ ዕለት ማታ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ምክርሽ እንደጣለኝ እኔም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስክትናገሪ ጠበቅኩሽ። እየጠበቅኩ ምን ልሥራ? ቃላት አጠናሁ።»

«ሳልናገር ብቀርስ ኖሮ?» አልኳት።

«እንግዲህ እወድቅና እመለስ ነበር» አለች፣ ቀላል ነገር እንደሚናገር ሰው። «ታላቄ ነሽ፣ ምን ልበልሽ?» ከዚያ እራት መሥራት አለብኝ ብላ ተሰናበተችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ ያዳንኳት እኔ ነኝ እያልኩ ኖሬያለሁ፣ ተማሪዎቼንም በእሷ ታሪክ መክሬያለሁ። እኔ ክብሬን ላለማጣት ዝም አልኩ፤ እሷም የእኔኑ ክብር ላለመንካት ዝም አለች። ብትወድቅ ኖሮ ግን ሻንጣዋን የምታሰናዳው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝቻት፣ አልቅሼ፣ ቃላት ጎድሏት ነው እያልኩ እመለስ ነበር።