አያ ደምሴን በጎን የሣልኩት ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሲኞር ብሩኖ ወረንጦ ሰጠኝና «አትተንፍስ» አለኝ። ቦታው ቡሬ፣ ከጣሊያን ምሽግ ሥር የነበረ የእህል መጋዘን ነው። መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ከወረቀት የተቆረጠች በቅሎ ተኝታለች፤ ከበላይዋ፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ፣ ካሜራው አፉን ወደ ታች ደፍቷል። እኔ የበቅሎዋን እግር የስንዴ ፍሬ ያህል ገፋሁ፤ እሱ የካሜራውን እጀታ አንድ ጊዜ አዞረ። ገፋሁ፤ አዞረ። እስከ ምሳ ድረስ በቅሎዋ አሥር እርምጃ ሄደች።

ሥራውን በልመና አላገኘሁትም። ከአንድ ጸሐፊ ቄስ የብራና ቁርጥራጭ ለምኜ፣ ስድሳውን በአንድ ጎን ሰፍቼ፣ በየገጹ የምትራገጥ በቅሎ ሥዬ ነበር። በአውራ ጣት ለቀቅ ለቀቅ ሲያደርጉት በቅሎዋ ትራገጣለች። ቡሬ ገበያ ላይ ሳሳይ ሰው ከበበኝ። ብሩኖ ሰዉን ገፍቶ ገባና ሰባት ጊዜ ደጋግሞ አየው።

«ማን አስተማረህ?» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«ማንም» አልኩት። እውነቴን ነው። ሥዕልን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በዓይኔ ነው የወሰድኩት። የጣሊያንኛውንም ቋንቋ ከዚያ በኋላ በሦስት ወር ለቀምኩት። ዛሬ ልጆች አኒሜሽን የሚሉትን ሥራ በምዕራብ ጎጃም ከእኔ በፊት የሠራ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ለጠላት መሥራቴን አልደብቅም። ብሩኖ አሥር አለቃ ነበር፤ ካሜራና የሲኒማ ማሳያ በበቅሎ ጭኖ ከከተማ ከተማ የሚዞር ወታደር። በላዩ አንድ ካፒቴን ነበረበት። እኔ ለራሴ የነገርኩት «የምሠራው ለሥዕሉ ነው» ብዬ ነው። ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ያልኩት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ሰም ሞከርን። ብሩኖ ከአገው ምድር የሚመጣውን ሰም አይቶ ጎመጀ። ሽቦውን አጥንት አድርገን፣ ሰሙን ሥጋ አድርገን የካፒቴኑን ምስል ሠራን። የሰም ሥራ ትንሽ ቢላዋ፣ ሽቦና አንድ ገበቴ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈልጋል። ጥቅሙ ምስሉ ወደፈለጋችሁት መዞሩ ነው፤ ፊቱን ይሰጣችኋል፣ ጀርባውን ይሰጣችኋል። ጠላቱ መብራት ነው። ሁለቱ አምፖሎች ሲግሉ ካፒቴኑ ወገቡ ላላና ቀስ ብሎ ሰገደ። እውነተኛው ካፒቴን የገባው በዚያው ሰዓት ነው።

«ይህ እኔ ነኝ?» አለ።

«ጠዋት ነበሩ» አለ ብሩኖ።

ሰሙን ለሻማ ሰጠነው።

ቀጥሎ ቆራጩን ያዝን። ቆራጭ የምንለው እንደዚያች በቅሎ ያለውን ነው። ወፍራም ወረቀት፣ መቀስ፣ መርፌና ክር ይበቃዋል። ትከሻን፣ ክርንን፣ ዳሌንና ጉልበትን ለየብቻ ቆርጦ በክር ቋጠሮ ማያያዝ ነው። በላዩ መስተዋት ይጫናል፣ እንዳይነሣ። ወረንጦው በጣት ፈንታ ነው፤ ጣት ጥላ ይጥላል። ሥራው ፈጣን ነው፤ በሌላው መንገድ አንድ ወር የሚፈጀውን በሳምንት ትጨርሳላችሁ። አንድ ጉድለት አለው። ቆራጭ ሰው የሚሄደው በጎኑ ብቻ ነው። ፊቱን ወደ እናንተ ካዞራችሁት እግሩ መራመዱ አይታይም፤ እንደ እንቁራሪት ይዘላል።

ከሁሉ የሚበልጠው በስስ ወረቀት መሥራት ነው። ከሥር መብራት ያለው መስተዋት፣ ወረቀቱን ቀጥ አድርገው የሚይዙ ሁለት ሚስማሮች፣ እርሳስና ቀለም ያስፈልጋል። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እንደ አዲስ ትሥላላችሁ፤ የታችኛው ሥዕል በላይኛው ወረቀት ስለሚታይ ምን ያህል እንደምታንቀሳቅሱ ታውቃላችሁ። በዚያን ጊዜ ማሳያችን ለአንዲት ሰከንድ አሥራ ስድስት ወረቀት ይበላ ነበር። ፊት ይዞራል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ ልብስ ይነፍሳል። ግን ወገብ ይቆርጣል፤ ስስ ወረቀትም ከአስመራ ካልመጣ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በአንድ ክረምት ነው። ጥቅምት ላይ ካፒቴኑ ጠራን። የፈለገው ይህን ነበር፦ አንድ ገበሬ ከጫካ ይወጣል፤ ጠመንጃውን ለጣሊያን ያስረክባል፤ ዘር ተቀብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል። ከዚያ በሁለተኛው ገበያ ቀን መታየት አለበት።

«ቆራጭ» አለ ብሩኖ። «ፊቱን ደግሞ የማንም እንዳይሆን አድርገው።»

«የማንም ያልሆነ ሰው አይራመድም» አልኩት። በራሴ አባባል ሳልረካ አልቀረሁም።

እህቴ ብርቄ በወጀት አጠገብ ባል አግብታ ትኖር ነበር። ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትባለዋ ናት። ባሏን አያ ደምሴን የአገሩ ሰው ከሩቅ በአካሄዳቸው ይለያቸዋል። ልጅ ሳሉ ከበቅሎ ወድቀው ግራ እግራቸው ወደ ውጭ ዞሮ ቀርቷል፤ ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን ያንጠለጥሉበታል፤ ደበሏቸውን ጠጕሩን ወደ ውጭ ነው የሚለብሱት። ለሠዓሊ የተሠሩ ሰው ናቸው። ሄድኩና «አያ ደምሴ፣ እስቲ ከአውድማው እስከ በረቱ ይሂዱልኝ» አልኳቸው።

«በቅሎ ልትገዛኝ ነው የምታስኬደኝ?» አሉ እየሳቁ።

«ለሥራ ነው።»

«በል እንግዲህ፣ ጥርሴንም እይ!»

ስምንት ጊዜ ተመላለሱልኝ። እያንዳንዷን እርምጃ በክር ለካሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም የሚስት ወንድም ስለሆንኩ አልጠየቁም።

አሁን የምነግራችሁን በጎጃም ሕፃን ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ይሰጣል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ከሐዲው፣ ገዳዩ፣ ሰይጣኑ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ አለው። እኔ ከግድግዳ የተማርኩ ሰው ይህን ረስቼ አይደለም። «ይህ ሲኒማ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» ብዬ አለፍኩት። ቆራጩም ከጎን በቀር አይሄድም።

በገበያው ቀን መጋዘኑ ጢም አለ። መስኮቱን ከሸፈነው ጆንያ ፊት አቡጀዲ ወጥረናል። ገበሬው ከጫካው ወጣ። ግራ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ፣ አያ ደምሴ ዱላቸውን እንደሚያጋድሙት ጠመንጃውን በትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። እንዴት አድርጌ እንዳስኬድኩት! ከዚያ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ጠላ ሻጭ «አንድ ዓይን ነው!» አለች። ከኋላ የወንድ ድምፅ ተቀበላት፦ «እግሩን እዩት! የደምሴ እግር አይደለም?» ጠመንጃውን ሲያስረክብ ማንም አላጨበጨበም።

በር ላይ ከበቡኝ። አንዱ የወጀት ሰው ክንዴን ያዘኝ።

«ይግዛው፣ ሰውዬው ደምሴ ነው?»

«ራሱ ነው። ሌላ ማን እንዲህ አድርጎ ይሥላል?»

«እንዲህ ሆኗል? እውነት ነው?»

የጠየቀኝ ስለ ጠመንጃው እንደሆነ ገብቶኛል። አልገባኝም ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን በሥራዬ ላይ «እውነት» የሚል ቃል ሲወድቅ ደስ አለኝ። «እያንዳንዷን እርምጃ ከሰውዬው ላይ ነው የወሰድኩ። በሲኒማ ውሸት የለም» አልኩት።

አያ ደምሴ የአባታቸው ጠመንጃ ነበራቸው፤ አገሩ ያውቃል። ያ ጠመንጃ ከሰኔ ጀምሮ ቤታቸው የለም። የት እንደሄደ እሳቸውና የወሰዱት አርበኞች ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ሰው ፈልጎ አጣው፤ የእኔን ሲኒማ አስታወሰና «ለጣሊያን አስረክቦታል» ብሎ ነገሩን ጨረሰ።

በማኅበር ጽዋው ሲዞር እሳቸውን ዘለላቸው። ጤፋቸው ደረሰ። ደቦ ጠሩ፤ ብርቄ ሁለት ጋን ጠላ ጠምቃ ጠበቀች። የመጣ አንድ ሰው የለም። ሁለቱ ብቻቸውን ሲያጭዱ ያለ ጊዜው ዝናብ ወረደና ጤፉን መሬት ላይ አነጠፈው።

በማግስቱ አያ ደምሴ ቡሬ መጡ፤ በእግራቸው። መጋዘኑ በር ላይ ቆሙ፤ ይግቡ ብንላቸው አልገቡም።

«ይግዛው፣ ያስኬድከኝ ለዚህ ነው?»

«አንቱን ለመጉዳት አይደለም አያ ደምሴ። አካሄድዎን ወድጄው ነው።»

«አውቃለሁ። አልተቀየምኩህም። ጠመንጃው የት እንዳለ እኔ ብናገር ሰው ይሞታል። አንተ ግን መናገር ትችላለህ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብራችን ደጀ ሰላም ላይ ቁመህ ‹አካሄዱን ነው የወሰድኩ፣ ሌላውን ከልቤ ነው የፈጠርኩት› በል። ይኸው ነው።»

ከባድ ነገር አልጠየቁኝም። ካፒቴኑ ቢሰማ ቢበዛ ከሥራ ያባርረኝ ነበር። ያስፈራኝ ግን እሱ አይደለም። በገበያ መሐል «በሲኒማ ውሸት የለም» ያልኩ ሰው ነኝ፤ ቁሜ «ፈጥሬ ነው» ብል መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ነው።

«የተሻለ አደርግልዎታለሁ» አልኩ። «በስስ ወረቀት እንደገና እሥልዎታለሁ። ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን። ጠመንጃም የለም፤ ሲያርሱ ብቻ። ያዩት ሰዎች በዚያው ዓይናቸው አይተው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ።»

አያ ደምሴ ዱላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ዓይን አልጎደለኝም፣ ይግዛው። የጎደለኝ የአንተ ቃል ነው» አሉና ሄዱ።

ብሩኖ የቀረውን ወረቀት ሁሉ ሰጠኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ተናግረህ ብትገላገል አይሻልም?» አለኝ አንድ ቀን፣ ሚስማሩን ሲያስተካክልልኝ። «ተመልከት» አልኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመስተዋቱ ላይ አልተነሣሁም። ሦስት እሑድ አለፈ። በሥዕሉ አያ ደምሴ ከእርፉ ቀና ይሉና ወደ ተመልካቹ ይዞራሉ፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይከፈታሉ፤ ላባቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ሥያለሁ፤ ያንን የሚያህል አልሠራሁም።

ማሳያውን በበቅሎ ጭነን ወጀት ወረድን። በመጀመሪያ ለራሳቸው ላሳያቸው ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ብርቄ አህያ እየጫነች ነበር። ምጣዱና መጇ እላይ ታስረዋል። በሬዎቹ ተሸጠዋል።

«እታለም፣ ወዴት ነው?»

«ሽንዲ። እሱ ቀድሟል። የእናቱ ዘመዶች መሬት እንካፈል ብለውታል።»

«ቆይ እንጂ፣ ሠርቼ መጥቻለሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ ያየዋል።»

ገመዱን በጉልበቷ ደግፋ አጠበቀችው። «ሦስት እሑድ ደጀ ሰላም ላይ ቆምኩ፣ ይግዛው። አንገቴን አስግጌ መንገዱን ሳይ። አንተ ወረቀት ላይ ነበርክ።»

አህያዋን ነዳች። ከሰዓት በኋላ ሲኒማውን አሳየን። የመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። «ጥሩ ነው» አሉ። አንዱም ስለ ጠመንጃው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ጣሊያን ወጣ። አርበኞቹ ከጫካ ሲገቡ ጠመንጃው ከማን እጅ እንደነበረ ታወቀ። የወጀት ሽማግሌዎች ሽንዲ ድረስ ሄደው አያ ደምሴን ይቅርታ ጠየቁ። ይቅር አሉ፤ አልተመለሱም። እዚያ ሌላ አውድማ ለቅልቀው ነበር።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ፤ በግ አረዱልኝ፤ የሸመገለ እግራቸውን ወደ ውጭ እየጣሉ ለበቅሎዬ ሣር አመጡ። ስለ ሲኒማው አላነሡም። እኔ ለመናገር የሄድኩ ሰው ስለ ሰብሉ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁና ጠዋት ተሰናበትኩ። በሚቀጥለው ዓመት ማረፋቸውን ሰማሁ።

ዛሬ በኮምፒውተር የምትሠሩ ልጆች መሣሪያችሁን ሳይ እቀናለሁ። ወረንጦ የለም፣ ሚስማር የለም፤ ሰው በደቂቃ ፊቱን ይዞራል። ለእናንተ የሚሆን ያገኘሁት ይህ ነው። መንገዱን ስትመርጡ የሚያስፈልገውን ቀን ብቻ አትቁጠሩ፤ የሚያየው ሰው እንዴት እንደሚያነበውም አስቡ። የሰው አካሄድ ከወሰዳችሁ ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከተሳሳታችሁ ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ ሰው ባለበት ቁማችሁ፣ በአፋችሁ ተናገሩ። ሌላ ሥዕል አያርመውም። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚሥል አልነበረም፤ አላረመውም።