ድንክዬን ዳቦ የከለከልንበት መስከረም

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንዲት የጋሪ አህያ ሱቅ በር ላይ ቆማ ነበር። ባለሱቋ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ያደረ ዳቦ ቆርሰው ዘረጉላት። እኔ ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ነኝ፤ እስካሁን "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርድበት ቀን አለ። ያን ዕለት ግን "እማማ፣ ዳቦ አይስጧት" የሚል ድምፅ ከአፌ ወጣ።

"ለምን?" አሉኝ።

ለምን እንደሆነ ለመናገር አቃቂ፣ እማማ ጫልቱ ግቢ በሐሳብ መመለስ ነበረብኝ።

እማማ ጫልቱ ጎረቤታችን ነበሩ። አባታቸው ያርሱት የነበረው መሬት መጋዘን ከሆነ በኋላ የቀራቸው ግቢያቸውና ሁለት አህዮች ናቸው። ልጃቸው ጉተማ አንደኛውን አህያ፣ ዳለቻን፣ በጋሪ ጠምዶ አሸዋና ብሎኬት ያመላልሳል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ስለነበርኩ በረቱን እጠርግላቸዋለሁ።

ሁለተኛዋ ድንክዬ ናት። ሙሉ አህያ ሆናም ቁመቷ ከወገቤ አያልፍም፤ ጆሮዎቿ ብቻ የትልቅ አህያ ነበሩ። ጭነት አትችልም። ጉተማ "እቺ ሥራዋ ምንድን ነው?" ሲል እናቱ "ዳለቻን ትጠብቃለች" ይሉታል። እውነትም ነበር። ማታ ጋሪው ሲፈታ ዳለቻ አንገቱን ጀርባዋ ላይ ሳያሳርፍ ውሃ አይጠጣም። እማማ ጫልቱ ደግሞ ሰኮናውን እያነሱ ጠጠር ይለቅማሉ፣ ማሰሪያው ያረፈበትን ቆዳ በጣታቸው ይዳብሳሉ። ቆዳው ሳስቶ ካገኙት በማግስቱ ጋሪ የለም። ጉተማ ያጉረመርማል፤ እሳቸው ግን አይመለሱም።

ድንክዬን ሰፈሩ ሁሉ ይወዳት ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው። ክረምቱ ወጥቶ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ጠላ የጠመቀ ሁሉ አተላ፣ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ፉርሽካ፣ ከዳቦ ቤት የሚመለስ ሁሉ ቁራሽ ያመጣላታል። አንገቷ ወፈረ። "አማረባት" ተባለ። ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት በረት ስገባ ተኝታ አገኘኋት። ዳለቻም አጠገቧ ቆሞ ወደ ጋሪው አልሄድም ብሏል። እማማ ጫልቱ ተንበርክከው ሰኮናዋን በመዳፋቸው ያዙ።

"ንኪው እስቲ" አሉኝ። እንደ ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ይፋጃል። "አየሽ፣ ዳቦና ፉርሽካ ሲበዛባት ሰኮናዋ ውስጥ ይነዳል፤ ሲያሞላቅቋት እግሯን ነሷት።"

ጉተማ ራሱን ነቀነቀ። "እማ፣ እስከ እሁድ ካልቆመች ሜዳ አወጣታለሁ።"

ሜዳ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መሥራት ያቃተው አህያ ከከተማው ዳር ይለቀቃል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል።

"አንተም ስትወለድ ለምንም የማትሆን ነበርክ፤ ማን ሜዳ አወጣህ?" አሉት።

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ጭድ ወፍራም አድርገው አነጠፉላት፤ ሰኮናዋን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ውሃ እየጨመሩ ያቀዘቅዙላታል። ምግቧ የገብስ ገለባ ብቻ ሆነ። የእኔ ድርሻ በሩ ነበር። "የሚመጣውን ሁሉ እንቢ በይ" አሉኝ። ሱቅ ሄጄ ጨው ስጠይቅ እንኳ ሁለቴ "ምን አልሽ?" የምባለው እኔ።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ አስካለ የሚባሉ ጎረቤት ናቸው፣ አተላ በባልዲ ይዘው።

"እትዬ፣ እግሯን አሟታል፤ አይበጃትም" አልኩ።

"የታመመ አይደል እንዴ መብላት ያለበት? ዞር በይ የኔ ልጅ።"

"አልዞርም እትዬ። ያመማት መብላቱ ነው።"

ባልዲውን መሬት አስቀምጠው አዩኝ። "ለካ አንቺም አፍ አለሽ። አበባዮሽ ስትሉ እንኳ ከንፈርሽ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።" ወደ በረቱም አሻግረው እያዩ፣ "ታዲያ እኔ ባዶ እጄን ምን ላድርግላት?"

እማማ ጫልቱ ከውስጥ ሆነው "ጆሮዋ ሥር እከኪያት" አሉ።

ገብተው አከኳት። ድንክዬ ዓይኗን ጨፈነች፣ የታች ከንፈሯ ተንጠለጠለ። ወሬው ተዳረሰ መሰል፣ ከዚያ በኋላ ሰው ባዶ እጁን እየመጣ ያክካት ጀመር። ዘበኛውም ፉርሽካውን በሩ ላይ ለእኔ አስረክቦ ይገባል።

እሁድ ጠዋት ጉተማ ገመድ ይዞ መጣ። እናቱ ከጆንያው አጠገብ አልተነሱም፤ እኔም ከኋላው ተከትዬ ገባሁ። ድንክዬ ክብደቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዳለቻ ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር። ጉተማ ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ።

"ጭድ አልቋል፤ ላምጣ" ብሎ ወጣ።

ደህና አድርጋ እስክትራመድ የገና በዓል ደረሰ።

እማማ ጫልቱ ዛሬ የሉም። ስለ ፍቅር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ድንክዬ ገለባዋን ጨርሳ በዓይኗ ስትለምናቸው ግን፣ ፊታቸውን አዙረው ጆንያውን ሲያረጥቡ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መውደድ ሲባል የሚታየኝ ያ ነው።

ይህን ለባለሱቋ ስነግራቸው ታክሲዬ ሞልቶ ሄደ። ዳቦውን ወደ ቅርጫቱ መለሱና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ታዲያ የቱ ጋ ነው የሚታከክላት?" አሉኝ።

ቀርቤ አሳየኋቸው።