የሦስት ቤት ድመት

የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቧ ግን እስከ ዛሬ «ድርሻዬ» እያለ ነው የሚጠራት። ከአምስት እህትማማቾች አራተኛዋ ናት። ካፖርቱ የጋራ፣ ማበጠሪያው የጋራ፣ አልጋው ለሦስት ነበር። አንድ ነገር ወደ ቤት በገባ ቁጥር እጇን ዘርግታ «ድርሻዬስ?» ስትል ስሙ በዚያው ጸናባት። አድጋ ሥራ ስትይዝ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችው ነገር ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት ለእንስሳት ክሊኒክ የመዝገብ ሲስተም ሥሪ ስትባል፣ ማን የማን እንደሆነ ለመወሰን ብዙ አልተጨነቀችም። የምትሠራበት ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁው የፕሮግራም ማዕቀፍ፣ በመዝገቦች መካከል ያለውን ዝምድና በአጭሩ እንድትነግረው ብቻ ይጠይቃል። «እንስሳ የአንድ ባለቤት ነው፤ ባለቤት ብዙ እንስሳት ሊኖሩት ይችላሉ» ብላ ነገረችው። ከሥሩም ባለቤቱ ሲሰረዝ እንስሶቹ አብረው እንዲሰረዙ አዘዘች፤ ባለቤት የሌለው መዝገብ ሜዳ ላይ እንዳይቀር።

የክሊኒኩ ሐኪም ያኔውኑ ጠይቃት ነበር። «ሁለት ሰው የሚያሳድገው እንስሳ ቢመጣስ?»

«ሁለት ሰው የኔ የሚለው ነገር የማንም አይደለም፣ ዶክተር» ብላ ዘጋቻት።

ሲስተሙ ሥራ በጀመረ በአምስተኛው ወር ሐኪሟ ደወለች።

«ይሄ ሲስተምሽ አንድ ነገር ሆኗል። ከልክ በላይ የወፈሩ ሦስት ድመቶች አሉኝ። ለሦስቱም ባለቤቶች ምግቡን በግማሽ ቀንሱ ብለናል፤ ሦስቱም ቀንሰናል ብለው ይምላሉ። ድመቶቹ ግን ምንም አልቀነሱም። ይባስ ብሎ የሦስቱም ኪሎ አንድ ሆነብኝ። ቁጥር ከአንዱ ወደ አንዱ እየገለበጠ ይሆን እንዴ?»

ድርሻዬ ሥራዋን ሲነኩባት አትወድም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ክሊኒኩ ደረሰች። ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት የመዝገብ ሠራተኛዋ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ተቀምጣለች፣ ከኋላ ሚዛኑና የምርመራ ጠረጴዛው አለ። ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ አዙራ መዝገቦቹን ጎን ለጎን ከፈተች። የጡረተኛው መምህር «አለቃ»፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ «ብርቱካን»፣ የፀጉር አስተካካዩ «ደንበኛ»። ሦስቱም ወንድ፣ ሦስቱም ብርቱካንማ፣ ሦስቱም ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ሦስቱም የግራ ጆሯቸው ጫፍ የተቆረጠ። የሦስቱም ባለቤቶች አድራሻ አንድ መንገድ ላይ ነው።

«ዶክተር፣ እነዚህን ድመቶች አንድ ላይ አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«እኔ የምገባው ሰኞና ረቡዕ ነው፤ በሌላው ቀን ባልደረባዬ ነው። ደግሞም እኔ የማየው ጥርስና ሆድ እንጂ...» አለችና ሳትጨርሰው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነገሩ በዚሁ ባለቀ ነበር። ግን የመዝገብ ሠራተኛዋ ቀልጣፋ ናት፤ ድመቱ አንድ ከሆነ ሁለቱ ባለቤቶች ትርፍ ናቸው ብላ መምህሩንና የመድኃኒት ቤቷን ባለሙያ ሰረዘቻቸው። ከሰዓት በኋላ መምህሩ የሌላ እንስሳቸውን ቀጠሮ ሊጠይቁ ደወሉ፤ እንዲህ ያለች እንስሳ የለችም ተባሉ። ስልኩን ድርሻዬ ተቀበለች።

«የኔ ልጅ፣ ኤሊዬ አርባ ዓመቷ ነው። አሁን ወንበሬ ሥር ሆና ሰላጣ እየበላች ነው። እናንተ ጋ የለችም ማለት ምን ማለት ነው?»

የድርሻዬ ፊት ጋለ። ኤሊዋን ያጠፋቻት ራሷ የጻፈቻት ትእዛዝ ነበረች። ትናንት ከተቀመጠው ቅጂ ሰዎቹንም ኤሊዋንም መለሰች፤ ትእዛዟንም ነቅላ ጣለች።

ረቡዕ ዕለት ሦስቱ ሰዎች ተጠሩ፤ ድርሻዬም መጣች። ድመቱን በቅርጫት ይዞ የመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው።

«አለቃ» አሉ መምህሩ።

«ብርቱካኔ» አለች የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ።

«ኧረ ደንበኛዬ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ድመቱ ለማንም ዞር አላለም። ሲጠያየቁ መምህሩ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ባለሙያዋ በሦስት ሰዓት፣ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ በስድስት ሰዓት ያበሉታል። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አበላለሁ ያለ የለም፤ የዋሸም የለም።

መምህሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሁለት ባላ ትከል ሲባል ሰምቶ ሦስት ተከለ» አሉ።

የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ግን አልሳቀችም። «ያስከተብኩት እኔ ነኝ።»

«እኔም አስከትቤዋለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የሚያድረው እኔ ጋ ነው» አሉ መምህሩም ሳቃቸውን አቁመው።

ሐኪሟ ወደ ድርሻዬ ጠቆመች። «ሲስተሙ የሚቀበለው አንድ ባለቤት ብቻ ነው። የሠራችው እሷ ናት፤ ትፍረድ።»

ድርሻዬ ቀድሞ የተመዘገበው ይውሰደው ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ያኔ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠዋት በሬን ስከፍት የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነው» አለች። ሁለቱ ወንዶች መሬት መሬት አዩ። 

«የማን ነው የሚለውን እንተወው» አለች ድርሻዬ። «ማን ምን ያደርግለታል? እሱን ንገሩኝ።»

ቢሮዋ ተመልሳ ሁለት ቀን ሠራች። ባለቤቱን ከእንስሳው መዝገብ ላይ አነሳችና በሰዎቹና በእንስሳቱ መካከል «እንክብካቤ» የሚባል አዲስ ሠንጠረዥ አስገባች። እያንዳንዱ መስመር አንድን ሰው ከአንድ እንስሳ ጋር ያገናኛል፤ ማን በስንት ሰዓት እንደሚያበላ፣ ሲታመም ለማን እንደሚደወል እዚያው ይጻፋል። ስሙ እንኳ ሲያስቸግራት ከድመቱ ላይ አውጥታ ሰዎቹ መስመር ላይ አደረገችው፤ እያንዳንዱ በራሱ አጠራር ይጥራው። ሦስቱን መዝገብ አንድ ስታደርገው ድመቱ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ መከተቡ ወጣ። ሐኪሟ አንገቷን ነቅንቃ፣ «በዚህ ከተማ በሽታ ሳይፈራ እንደሱ ልቡን ሞልቶ የሚሄድ የለም» አለች።

እሁድ ታላቅ እህቷ ነገሩን ሰምታ ደወለች።

«በስተርጅና ማካፈል ለመድሽ አሉ።»

«ማንም ለማንም አላካፈለም፣ እትዬ። ሠንጠረዥ ነው የጨመርኩት።»

«ቁም ሳጥንሽም ሠንጠረዥ ቢጨመርለት ጥሩ ነበር» አለች እህቷ። ድርሻዬ ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ አዞረችው።

የቀኑ ምግብ ለሦስት ተከፈለ። ድመቱ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ስድስት ኪሎ ወረደ፤ መምህሩ በየሳምንቱ እየደወሉ ኪሎውን እንደ ተማሪ ውጤት ይጠይቁ ነበር። በሦስተኛው ወር ግን መውረዱ ቆመ፤ እንዲያውም ሦስት መቶ ግራም ጨመረ። ሦስቱ ሰዎች በጎሪጥ መተያየት ጀመሩ።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ልብስ ሰፊ ብርቱካንማ ድመት አቅፎ ክሊኒኩ ገባ። ድመቴ እያነከሰ ነው አለ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ገና ሳትጠይቀው የግራ ጆሮውን አየች።

«በስንት ሰዓት ነው የሚያበሉት?» አለችው።

«አስር ሰዓት ላይ። ግን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እህቴ።»

ሐኪሟ በማግስቱ ስትሰማ፣ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብላ የድመቱን ገጽ ከፈተች። አራተኛው መስመር ከተጻፈ አንድ ቀን ሆኖታል፤ የመዝገብ ሠራተኛዋ ማንንም ሳትጠራ ልብስ ሰፊውን አስገብታዋለች። መምህሩም የልብስ ሰፊውን ስልክ ቁጥር ተቀብለው ደውለውለት፣ ስንት ማንኪያ እንደሚደርሰው አንድ በአንድ አስረድተውታል። ድርሻዬ ወሬውን የሰማችው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ከኮዱ አንድ ፊደል መንካት አላስፈለጋትም። ድመቱ አሁን አምስት ኪሎ ተኩል ነው።