የሴቻ ዳገት ባክትሪያን

ትናንት ከሥራ ስመለስ ሚኒባሱ ኩርባው ላይ ድንገት ፍሬን ያዘና፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት እንዳትወድቅ ትከሻዬን ያዝ አደረገች። «ይቅርታ እህቴ» ብላ ወዲያው ለቀቀችኝ። የእጇ ሙቀት ግን ትከሻዬ ላይ ቀረ። ከሙቀቱ ጋር፣ ስንት ዘመን ያልጠራሁት አንድ ቃል አፌ ላይ መጣ፤ ባክትሪያን።

አትሳቁ፣ የግመል ስም ነው። አርባ ምንጭ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ናቸው ያስተማሩን። ከሰሜን የመጡ፣ የከተማችንን ሙቀት እስከ መጨረሻው ያልለመዱ ሰው ነበሩ። ሰሌዳው ላይ ባለ ሁለት ሻኛ ግመል ሣሉ። «የኛ አገሩ አንድ ነው ያለው፤ ይሄኛው ሁለት ነው። ሰው መሃል ይቀመጣል፣ ከፊትም ከኋላም ይደገፋል» አሉን። ስሙም ባክትሪያ ከምትባል የጥንት አገር የመጣ ነው። አገሪቱ ዛሬ በዚያ ስም የለችም፣ ስሟ ግን ግመሉ ላይ ቀረ።

ዴስካችን ላይ መሃል የምትቀመጠው፣ የጨንቻው ሸማኔ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጨንቻ ቢጠፋስ ስሙ ምን ላይ ይቀራል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም፣ ትንሽ አሰቡና «ጋቢው ላይ» አሏት። ከዚያ ግመሉን በዳስተር እያጠፉ፣ ቃል ካልተጠቀሙበት ይዝጋል፣ ይሄንን ግን የት እንደምትጠቀሙበት እኔም አላውቅም አሉ።

በአንድ ዴስክ ሦስት ነበርን። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ በወዲያኛው ጫፍ ደብተሯ ሁሌ ጫሞ ጫሞ የሚሸት የአሣ ነጋዴዋ ልጅ፣ መሃል ላይ የሸማኔው ልጅ። እሷ ናት እንግዲህ ጫኖ መንደር ዘመዶቿ ዘንድ ማንጎ ልታወርድ ወጥታ የወደቀችው። ወጌሻ እግሯን ጠገነላት፣ እግሩ ግን መሬት ለመርገጥ እምቢ አለ። ቤታቸው ሲቀላ ሰፈር፣ ከዳገቱ ሥር፣ ትምህርት ቤታችን ደግሞ ላይ ሴቻ ሰፈር ነበር። አባቷ ትምህርቷን አስቁመው ጨንቻ አክስቷ ዘንድ ሊልኳት መወሰናቸውን ስንሰማ ሁለታችን ልንለምናቸው ሄድን።

እግራቸውን የሸማ ሥራው ጉድጓድ ውስጥ እንደከተቱ ተቀበሉን። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ድምፁ እንቅልፍ ያመጣ ነበር። «እኔም ተቀምጬ ነው ያሳደግኋት» አሉ ቀና ሳይሉ። «እሷም ተቀምጣ ትፈትላለች። ምን አለበት?»

ያኔ ከጥጉ፣ ሰሌን ላይ ከተጋደመችበት፣ «ባክትሪያን» የሚል ድምፅ ሰማን።

አንድም ማብራሪያ አላስፈለገንም። እኔ ከፊቷ ቆምኩ፣ ሁለት እጆቿን ትከሻዬ ላይ ጣለች፣ የአሣ ነጋዴዋ ልጅ ከኋላ ወገቧን ያዘች። እንዲያ ሆነን ግቢውን ዞርን። መወርወሪያው ቆመ። አባትየው አዩን፣ አዩንና «እስኪ እስከ ገና እንይ» አሉ።

የዚያን ጊዜ ጠዋቶች አሁንም በሕልሜ ይመጣሉ። ዝናብ ያደረበት አፈር ይሸታል፣ የሙዝ ቅጠል ጠል ያንጠባጥባል። ዳገቱን ስንወጣ እሷ በአንድ እግሯ እንጣጥ ስትል ትንፋሿ ማጅራቴን ያሞቀዋል። ሲደክማት «ባክትሪያን!» ትላለች፣ እንቆማለን። ዞር ስንል ከታች ሐይቆቹ፣ ዓባያ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆነው ተኝተዋል። በመሃላቸው ያለው፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ ጉም ለብሶ፣ እያየነው የሚራመድ ይመስለን ነበር። አርፍደን ስንደርስ መምህራችን በሩ ላይ ቆመው «ይሄ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም» ይሉና ያስገቡናል።

ገና አለፈ፣ አባቷም ጨንቻን ዳግም አላነሱም። ከመላክ ተረፈች ብለን ልባችን ሲያርፍ የአባቴ ዝውውር መጣ።

የሄድን ቀን ሁለቱም መናኸሪያ መጡ። እኔ እንባዬ ይወርዳል፣ እሷ ታጽናናኛለች። «ግመል እኮ ባንድም ይሄዳል» አለችኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየኋት፤ የአሣ ነጋዴዋ ልጅ ከኋላ ይዛታለች፣ የእሷ እጅ ግን ወደፊት ተዘርግቷል። ቻው የምትለኝ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ እጇ የነበረው የኔ ትከሻ የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ተጠፋፋን። የአሣ ነጋዴዋን ልጅ ስልክ ያገኘሁት በቅርቡ ነው። እዚያው ናት፣ የእናቷን ሥራ ይዛለች። ስለ ሸማኔው ልጅ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም፤ ጨንቻ ወጥታ እንዝርት ይዛ ቀረች እንዳትለኝ እፈራ ነበር። ትናንት ማታ የሰው እጅ ሙቀት ትከሻዬ ላይ ይዤ ደወልኩላትና ጠየቅኋት።

«እንዴ፣ አልሰማሽም? ተምራ ጨረሰች እኮ። አሁን ጨንቻ አስተማሪ ናት።»

«ታዲያ ከፊት ማን ሆነላት?»

«ነፍሳቸውን ይማርና አባቷ ናቸዋ። አንቺ በሄድሽ ማግስት ልወስዳት ስመጣ፣ ከጉድጓዳቸው ወጥተው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ልብሳቸው ላይ ጥጥ እንዳለ ነው። ጀርባቸውን ሰጧትና 'ያዢ' አሏት።»

«ረጅም አልነበሩም እንዴ?»

«ረጅም ናቸዋ። ጎንበስ ብለው ነበር ዳገቱን የሚወጡት። እጇ ያንቺን ቁመት ለምዶ ከዚያ በላይ አልወጣ አለ።»

ስልኩን ዘጋሁና እጄን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ያን ሁሉ ዓመት ቦታዬ ባዶ የቀረ ይመስለኝ ነበር።