የባላምባራስ ቀማሽ

ትሁት የወላጅ ስሟ አይደለም። እናቷ ያወጣችላትን ስም በልጅነቷ ከጌጫ ስትመጣ እዚያው ጥላው መጥታለች። ሚዛን ተፈሪ ባላምባራስ በዛብህ ቤት ስትደርስ የባላምባራስ እናት ከእግር እስከ ራሷ አዩአትና «ይህቺ አንገተ ደፊ ትመስላለች፤ ትሁት በሏት» አሉ። ከዚያ ወዲያ የቀድሞ ስሟን የጠየቃት የለም። እኔም አጥር ተጋርተን ዕድሜያችንን ስንጨርስ አልጠየቅኋትም።

እዚያ ቤት ያልሠራችው ሥራ የለም። ቡና ትለቅማለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እግር ታጥባለች። ዋናው ሥራዋ ግን መቅመስ ነበር። የባላባት ቤት ወግ ነውና ጠጁም ወተቱም መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ ይደረጋል፤ እሷ ስትጠጣው ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጌታው አፍ የሚደርሰው። ኮሶ እንኳ አልቀረላትም። ሰው ለገዛ ትሉ ኮሶ ሲጠጣ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ትሁት ለሰው ትል ስትጠጣ ኖረች።

አብዮቱ መጣና የቡናው መሬት ተወረሰ። ትልቁ ቤት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ ለባላምባራስ ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ተለቀቀችላቸው። አሽከሩ ሁሉ ተበተነ፤ ገሚሱ ወደ ቴፒ፣ ገሚሱ መንግሥት ቡና እርሻ ገባ። ትሁት ቀረች። የምትሄድበት ስለሌላት ነው። ከፍቅር የተነሳ ነው የሚል ሰው ካለ ባላምባራስን አያውቃቸውም።

ሌላዋ የቀረችው ድመቷ ናት። በደጉ ዘመን የቡና መጋዘኑን አይጥ ስትጨርስ የኖረች፣ አሁን ግን አርጅታ ፀጉሯ የሳሳ ግራጫ ድመት ነበረች። ባላምባራስ «እመቤት» ብለው ነበር ስም ያወጡላት። ትሁትም እመቤት ብላ እንድትጠራት ታዘዘች። አንድ ቀን አፏ አምልጧት «ውሮ» ብትላት በከዘራ ጀርባዋን አገኟት። ድመቷ አልጋ ላይ ትተኛለች፣ ትሁት መሬት። ባላምባራስ ሲፈልጓት አልጋው ላይ ይጠሯታል፤ ሲበቃቸው ወደ መሬቷ ትመለሳለች። ድመቷን ግን ውረጂ ሲሏት ሰምቼ አላውቅም።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት የባላምባራስ እግር አበጠ፤ ትንፋሻቸውም ያጥር ጀመር። ጅማ ሄደው ታይተው «ልብዎ ደክሟል» ተባሉ። ትንንሽ ነጭ ክኒን በቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ሲያልቅ የክሊኒካችን ድሬሰር ይስሐቅ ይተካላቸዋል። ይስሐቅ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ጸሎተኛ፣ ለሰው የሚያዝን። እሳቸው ግን እሱንም አላመኑት።

«መሬቴን የወሰደ መንግሥት ክኒን በነጻ ይሰጠኛል?» አሉ። «ለምን ብሎ ነው የሚሰጠኝ?»

ትሁት እንደ ልማዷ መዳፏን ዘረጋች። ባላምባራስ እጇን በከዘራቸው ገፋ አደረጉት።

«አንቺማ ዛሬ ጭቁን ነሽ። ዋጥሁ ብለሽ ጓሮ ሄደሽ ትተፊዋለሽ። ድመት አትዋሽም።»

እንግዲህ ያን ያህል ዘመን ከቀመሰች በኋላ ከቀማሽነትም ተሻረች። እኔ ብሆን እልል እል ነበር። እሷ ግን ያን ቀን አጥሬ ሥር መጥታ አለቀሰች። ሰው የለመደው ነገር ክፉ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የክኒን ስባሪ በትሁት እጅ በቅቤ ተድቦልቡሎ ለእመቤት ይሰጣታል። ባላምባራስ እስከ ምሳ ሰዓት እያዩዋት ይቆያሉ። ደህና ከዋለች የራሳቸውን ይውጣሉ፤ ካልሆነች ክኒኑ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል።

ደህና መዋሏ ግን አልቆየም። በሳምንቱ ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። ያቀረቡላትን ወተት አሽትታ ዞር ትላለች፤ የጠዋቱን ቅቤ ከነአረፋው ታስመልሳለች። ቆይቶ የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት፤ አልጋ ሥር ገብታ ግድግዳው ሥር ተለጥፋ ትውላለች። ባላምባራስ ይህን ባዩ ቁጥር «ይኸው! አላልኩም?» ይላሉ። ልክ በመሆናቸው ደስ ይላቸዋል። ክኒኑን አይውጡም። እግራቸውም እንደ ጎደሬ እያበጠ ሄደ።

ትሁትን ጭንቅ ያዛት። ለእሳቸው አዝና አይደለም። ያቺ ሰርቪስ ቤት የተሰጠችው ለባላምባራስ ነው፤ እሳቸው ካለፉ ቀበሌው ይረከባታል፤ ትሁት በስተርጅና ሜዳ ላይ ትወድቃለች። ይህንን አንድ ቀን እግራቸውን እያሸች ደፍራ ተናግራቸው ነበር።

«እግሬ ይጉደልና በራሴ እግር ቀበሌ እሄዳለሁ» አሏት። «ስላንቺ እናገራለሁ። ቤቷ ካንቺ አትወጣም።»

እየሮጠች መጥታ «ሚስቴ ናት ሊሉልኝ ነው!» አለችኝ። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም። ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ አልጋ ስትወጣና ስትወርድ ኖራ፣ ሌላ ምን ይሏታል? እኔም አመንኩ።

እንግዲህ ቤቷን እንድታገኝ የባላምባራስ እግር መጉደል አለበት፤ እግሩ እንዲጎድል ክኒኑን መዋጥ አለባቸው፤ እንዲውጡ ደግሞ ድመቷ ደህና መሆን አለባት። ትሁት ድመት ማስታመም ጀመረች። ባዶ ሆዷን ስባሪውን እንዳትወስድ ቀድማ የእንቁላል አስኳል በጣቷ ታስልሳታለች። ያስመለሰችውን ባላምባራስ ሳያዩ በአመድ አልብሳ ትጠርጋለች። ለሃጯን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግላታለች፤ እንድትቆም ከሆዷ ሥር እጇን ሰድዳ ትደግፋታለች። ሥጋ ከቀመሰች ስንት ጊዜዋ፣ ያገኘቻትን ቁራጭ አኝካ ለድመቷ ታጎርሳለች። አንዳንዱ ቀን ይሳካል፤ አብዛኛውን ቀን ግን ድመቷ እግራቸው ሥር መጥታ ትተፋለች።

በመጨረሻ ጨነቃትና ይስሐቅ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ ትሁት፣ ይሄ መድኃኒት ለደከመ ልብ ነው» አላት። «ሲበዛ ያው ራሱ መርዝ ነው። ለድመትማ ስባሪውም ብዙ ነው። ሌላ መላ የለውም፤ ካቆምሽላት ትድናለች።»

«ባቆምማ እሳቸው አይውጡም።»

ይስሐቅ አንድ ጣቱን አነሳ። «እሳቸውንም ቢሆን ተጠንቅቀሽ እያቸው። በቀን አንድ ብቻ ነው። ምግብ እንቢ ካሉ፣ ካስመለሳቸው፣ ነገር ሁሉ ቢጫ መስሎ ከታያቸው በዝቶባቸዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ክኒኑን ደብቂና ጥሪኝ። እኔ ባልኖርም ደብቂው።»

ከክሊኒኩ ስትመለስ መላው መጣላት። የእንሰት ቡላ ቆንጠር አድርጋ በውሃ ለወሰች፣ አድቦልቡላ ጠፍጠፍ አደረገች፣ ፀሐይ ላይ አደረቀች። ንጣቱም ስባሪነቱም ቁርጥ ክኒኑን መሰለላት። በማግስቱ ቅቤው ውስጥ የገባው ቡላ ነበር።

እመቤት ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራች። ከአልጋ ሥር ወጣች፤ ወተቷን ጨርሳ ሳህኑን ትልስ ጀመር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ አይጥ ይዛ ባላምባራስ እግር ሥር አኖረች። እሳቸውም በድመቷ ተማምነው ክኒናቸውን በየቀኑ ዋጡ፤ እግራቸው ጎደለ፤ ጫማ ገባላቸው። ትሁት ነጠላዋን አጥባ አጣጥፋ አስቀመጠች።

በቀበሌው ስብሰባ ቀን ባላምባራስ አሮጌ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ፣ እሷ ከኋላ ተከተለች። እኔም ሚስት ስትባል ላይ ብዬ ሄድኩ። ስብሰባው የሚካሄደው የገዛ ሳሎናቸው ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ታምሩ የጭሰኛቸው ልጅ ነው።

«አቶ በዛብህ» አለ ታምሩ፤ ማዕረግ ከቀረ ቆይቷል። «ምን ጉዳይ ነው?»

«የሰርቪሷ ቤት ጉዳይ ነው።»

«ይህቺ ሴት ምንዎ ናት?»

ትሁት ነጠላዋን አስተካከለች።

«ገረዴ ናት!» አሉ ባላምባራስ፣ ውጭ ያለው ሁሉ እስኪሰማ። «አባቴ ከጌጫ ያስመጣት ገረድ። ሚስቴም አይደለች፣ ዘመዴም አይደለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትገዛልኝ ደሞዝ የሚባል ሰጥቻት አላውቅም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንዷ ሴት «ነጠላዋንስ እዩልኝ!» አለች። ታምሩ ብቻ አልሳቀም፤ «ተሰምቷል» ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ትሁት አንገቷን እንደደፋች ወጣች።

ጭቃውን አቋርጠው ሲመለሱ «ጌታዬ፣ ቤቷስ?» አለቻቸው።

«ተናገርኩ አይደል? አንቺ ምን ይገባሻል! ይልቅ እመቤት በልታለች?»

ከዚያ ቀን በኋላ ትሁት አጥሬ ሥር መጥታ አላለቀሰችም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ባላምባራስ ድመቷን እያዩ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። «ያቺን አሮጊት ስባሪው እንዲህ ካስፈነጠዛት፣ ለእኔ አንዱ ምን ይበቃኛል?» አሉና ሁለት መዋጥ ጀመሩ። ከርመው ሦስት አደረጉት። ትሁት ጠዋት ጠዋት ቡላዋን በቅቤ ታድቦለብላለች፤ እመቤት ትውጥና ከንፈሯን ትልሳለች፤ ባላምባራስ ይህን አይተው «አየሽ!» ብለው ይውጣሉ።

አንድ ቀን ምሳቸውን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ማስመለስ መጣ። ትሁት አመድ አልብሳ ጠረገች፤ እጇ የለመደው ሥራ ነው። ሌላ ቀን አልጋቸው ላይ ቀና ብለው «ምነው ግድግዳውን ቢጫ ቀባሽው?» አሏት።

ለድመቷ አስኳል በጣቷ ያስላሰች ሴት ናት። ምልክቱን ከድሬሰሩ አፍ ሰምታለች፣ በድመቷም በዓይኗ አይታዋለች። ይስሐቅ ለክትባት ወደ ገጠር ወጥቶ ነበር፤ ቢሆንም «ባልኖርም ደብቂው» ብሏታል። ቆርቆሮውን አንስቶ በአጥሩ ላይ ወደ እኔ መወርወር በቂ ነበር። አልወረወረችውም። በማግስቱ ጠዋት ቡላውን በቅቤ አድቦልቡላ ለእመቤት ሰጠች። ባላምባራስ አዩ፣ ሦስቱንም ክኒን ዋጡ። ውሃውን ያቀበለቻቸው እሷ ናት።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት አረፉ። ድመቷ ደረታቸው ላይ ተኝታ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ታምሩ ትሁትን ቀበሌ አስጠራት። ዕቃዋን ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ ሄደች።

«ቋጠሮው ምንድን ነው?» አላት ታምሩ። «ግቢ ቤትሽ። ቤቷ ያንቺ ናት።»

«የኔ?»

«ያለ ደሞዝ የተገዛሽ ጭቁን ነሽ፤ ሕዝብ ሰምቷል። ሚስቴ ናት ቢሉ ኖሮ የባላባት ቤተሰብ ብለን እናስወጣሽ ነበር፤ የቀበሌው ውሳኔ ነው። ከስብሰባው በፊት አንድ ቀን አንቺ ገበያ ሄደሽ ሳለ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ‹ምን ብል ነው ቤቷ የምትቀርላት?› አሉኝ። ያንኑ ነገርኳቸው። እኔን፣ የጭሰኛቸውን ልጅ፣ እንዲያ ይለምናሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።» ከዚያ ፊቷን አየ። «አልነገሩሽም እንዴ?»

«አልነገሩኝም» አለች።

እኔ እዚያው ቆሜ ደሜ ፈላ፤ እስካሁንም ይፈላል። ያ ደረቅ ሽማግሌ ለድመት ቀኑን ሙሉ ሲያወራ እየዋለ ለሷ አንዲት ቃል ምን ነበረበት? ለገረዱ ማስረዳት ውርደት ሆነበት፤ በዚህችው ኩራቱ ሞተ። እሷንም ቢሆን አልምራትም። ግን ከሁለቱ ማንን የበለጠ እንደምጠላ ዛሬም መወሰን አቅቶኛል።

ትሁት ቋጠሮዋን ተሸክማ ተመለሰች፤ አልጋው ላይ ግን አልወጣችም፣ መሬት መተኛቷን ቀጠለች። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ጎንበስ ብላ ቡላ በቅቤ ስታድቦለብል አገኘኋት።

«አሁን ደግሞ ለማን ብለሽ ነው?» አልኳት።

«እመቤት ለምዳለች» አለችኝ። «ካልሰጠኋት አልጋቸው ላይ ወጥታ ትጮሃለች።»